«እንሶስላ ጠፋ» ከማለት በፊት፦ የዱር አበባን ይዞታ ስንዘግብ የምንሠራቸው ስህተቶች

«እንሶስላ ከወንዶ ገነት በላይ ካለው ደን ጨርሶ ጠፍቷል።» ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ወሩ የካቲት ነበር። ከሐዋሳ ማልደን ተነሥተን፣ በሻሸመኔ በኩል ዞረን፣ ዳገቱን በእግር ወጥተን አንዲት ጅረት ዳር ዳሯን ግማሽ ቀን ስንፈልግ ዋልን። ዝግባው አለ፣ ብሳናው አለ፣ ጉሬዛው ከላይ ሆኖ ይታዘበናል፤ እንሶስላ ግን አንድም ግንድ የለም። በተማሪዎቹ የተፈጥሮ ክበብ ሪፖርት ላይ «ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሳይበቃኝ ከሥሩ አሰመርኩበት። በመስከረም መጨረሻ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ስመለስ፣ ምሳዬን ቁጭ ብዬ የበላሁበት ድንጋይ አጠገብ ትከሻዬ ላይ የሚደርስ ተክል ነጭ አበባውን አንጠልጥሎ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ የተማሪዎችን ሪፖርት ሳነብ ቀይ እስክሪብቶዬን ቀስ ብዬ ነው የማነሣው። ስህተቶቹ ግን በየዓመቱ ይመላለሳሉ፤ አንዳንዶቹም በጋዜጣና በስብሰባ ላይ ሳይቀር ይሰማሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

አስቀድሞ ስለ ተክሉ። እንሶስላ፣ በአንዳንድ አካባቢ ግርሽጥ የሚሉት፣ ጥላና እርጥበት የሚወድ የደንና የጅረት ዳር አበባ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ሲሆን ሁለተኛው ቃል በላቲን ከማቅለም የመጣ ነው። ስሙን ያወጣለት አቺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1847። ለማቅለሚያነቱ ግን ፈረንሳዊ አላስፈለገንም። ወፍራም ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይለጠፋል፣ በጨርቅ ይታሰራል፤ ሲፈታ ቆዳው ቀልቷል፤ ሲደጋገም ደግሞ ወደ ጥቁር ያደላል። እንሶስላ መሞቅ የምንለው ይህን ነው። የጥር ሙሽሮች እጅ ላይ ያያችሁት ቀለም፣ ሂና ካልሆነ በስተቀር፣ ከደን መሬት ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ ነው።

በበጋ ፈልጎ «የለም» ማለት

የእኔ ስህተት ይህ ነበር፤ ከሁሉም የሚብሰውም እርሱ ነው። እንሶስላ ዓመቱን ሙሉ አይቆምም። ዝናቡ ሲርቅ ውኃ የጠጣው ግንዱ ልፍስፍስ ብሎ ይወድቃል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥም አፈር ይሆናል። ተክሉ ግን አልሞተም። ሥሩ ከመሬት በታች ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። ገበሬ ድንቹን ቅጠሉ ስለ ደረቀ ብቻ «ሞተ» አይለውም፤ እኔ ግን እንሶስላን ብዬዋለሁ።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት፣ በምኅጻሩ አይዩሲኤን፣ አንድን ዝርያ «ጠፍቷል» ለማለት የሚጠይቀው ነገር ከባድ ነው። ፍለጋው በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ፣ ለዝርያው በሚስማማው ሰዓትና ወቅት፣ ከዝርያው ዕድሜ ጋር በሚመጣጠን ርዝመት ተደርጎ የመጨረሻው ተክል መሞቱ የማያጠራጥር ሲሆን ብቻ ነው። ግማሽ ቀን በየካቲት ከዚህ ጋር አይተያይም።

ስለዚህ በሪፖርት ላይ «የለም» የሚለውን ቃል ተዉት። «አልተገኘም» በሉ፤ ወሩን፣ ስንት ሰው ስንት ሰዓት እንደፈለገም ጨምሩበት። በየካቲት አልተገኘም የሚል መዝገብ በመስከረም ተገኝቷል ከሚለው ጋር ሲቀመጥ ሁለቱም እውነት ናቸው። የእኔ «ጠፍቷል» ግን ከምንም ጋር አብሮ መቀመጥ አልቻለም።

ስሙን አምኖ መቁጠር

ባለፈው ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆምኩ።

«እትዬ፣ እንሶስላ አለ?»

«አለ እንጂ ልጄ። የስንት ልስጥህ?»

በላስቲክ የተቋጠረ አረንጓዴ ዱቄት አወጡ።

«ሥሩ ነው ወይስ ቅጠሉ?»

«ኤዲያ! ይህማ ሂና ነው። ሥሩን ከፈለግህ ከደጋ የሚያመጡ ሴቶች አሉ፣ በገበያ ቀን ና።»

እኒህ እናት አላታለሉኝም። ሁለቱም እጅ ያቀላሉ፣ ሁለቱም ይሞቃሉ፤ ለገዢው ስሙ አንድ ቢሆን ምን ቸገራቸው? ለቆጣሪ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሂና ከሞቃትና ደረቅ አገር ቁጥቋጦ ቅጠል ይሠራል፤ ቅጠሉን ቢቀጥፉት መልሶ ያቆጠቁጣል። እንሶስላ የደን ተክል ሥር ነው፤ ሥሩ ሲወጣ ተክሉም አብሮ ወጣ። አንድ ተማሪ ቤት ለቤት እየዞረ «እንሶስላ ትጠቀማላችሁ?» ብሎ ጠይቆ የሰበሰበው መልስ አብዛኛው ስለ ሂና ሆኖ ተገኝቷል። ድካሙ አሳዘነኝ። ጥያቄው «ሥሩን ነው ቅጠሉን?» መሆን ነበረበት።

በደን ውስጥም እንዲሁ ነው። እንሶስላ ዘመዶች አሉት። ኢምፓሸንስ ሮቲ የሚባለውና በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ነው፤ ሌላው ትንሽና ሮዝ ነው። በሐዋሳ ሆቴሎች ግቢ በየድስቱ የሚታየው፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነውና ዓመቱን ሙሉ የሚያብበው የአትክልት አበባ ደግሞ ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ባለው አገር የበቀለ ሌላ ዘመዳቸው ነው። እንሶስላ ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ሐምራዊ፤ ከኋላው ረጅም፣ ቀጭንና ጎበጥ ያለ ጭራ አለው። የአበባው ማር የሚቀመጠው በዚያ ጭራ ጫፍ ነው። ሽታው የሚጎላውም ምሽት ላይ ነው፤ ረጅም ምላስ ያላቸውን የሌሊት የእሳት ራቶች የሚጠራ አበባ ጠባይ ይህ ነው። ተማሪዎቼ የሚያመጡልኝ ፎቶ ሁሉ ግን ከፊት ለፊት የተነሣ ነው፤ እንደ መታወቂያ ፎቶ። ከጎን አንሡት። ለይቶ የሚያሳውቀው ጭራው ነውና።

መረጃ የሌለውን «አይሰጋም» ማለት

የአይዩሲኤን ቀይ መዝገብ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን ዛሬ ዘጠኝ መደቦች አሉት። «ያልተገመገመ» እና «መረጃ የጎደለው» ከሚሉት ሌላ፣ እምብዛም የማያሰጋ፣ ለስጋት የቀረበ፣ ለአደጋ የተጋለጠ፣ አደጋ ላይ ያለ፣ በእጅጉ አደጋ ላይ ያለ፣ ከዱር የጠፋ እና የጠፋ የሚሉ አሉ። በመጥፋት ስጋት ላይ ናቸው የሚባሉት በመካከል ያሉት ሦስቱ ናቸው፤ ለአደጋ የተጋለጠ፣ አደጋ ላይ ያለ እና በእጅጉ አደጋ ላይ ያለ።

ብዙ ሰው መዝገቡን ይከፍታል፣ የሚፈልገውን አበባ ሲያጣ «እንግዲያው አይሰጋም» ብሎ ይዘጋል። ያልተገመገመ ማለት ሐኪም ያላየው በሽተኛ ማለት ነው፤ ጤነኛም ሊሆን ይችላል፣ ሊሞትም ተቃርቦ ይሆናል። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ የበለጠ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብርቅዬ ዕፅዋት ቀይ መዝገብ ስለ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ብቻ ነው። ከዛፉ ሥር የሚበቅለው ለስላሳ አበባ በዚያ መዝገብ አልገባም። ዓይናችን ዛፍ ላይ ነው፤ ዝግባ ሲቆረጥ እንጮኻለን፣ ከሥሩ የነበረውን አበባ ግን የሚጠይቀው የለም።

«የኛ ብቻ ነው» እና «ስለዚህ ሊጠፋ ነው»

በአንድ አገር ብቻ መገኘትና ለመጥፋት መቃረብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው፤ በሲዳማ ግን ቡና ጥላ ሆኖ በየጓሮው ቆሟል። ጥቁር እንጨት በአፍሪካ ተራሮች ሁሉ፣ እስከ ማዳጋስካር ድረስ ይበቅላል፤ እርሱ ግን ልጡ ለመድኃኒት ንግድ ስለሚላጥ በቀይ መዝገቡ «ለአደጋ የተጋለጠ» ተብሏል፣ ንግዱም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እንሶስላም የኛ ብቻ አይደለም፤ በኬንያ፣ በዩጋንዳ፣ በኮንጎ ምሥራቅም አለ። ይህን ስነግራቸው የሚከፋቸው ተማሪዎች አሉ። ባህሉ የኛ መሆኑን ማን ነካው? አበባው ግን ድንበር አያውቅም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ስህተት አለ። ከአንድ ጅረት ዳር አበባው ጠፋ ማለት ዝርያው ጠፋ ማለት አይደለም። ነገሩ ቀላል ነው ማለቴም አይደለም፤ እዚያ ቀበሌ ላለች ሴት አበባው ጠፍቷል፣ ኮንጎ መኖሩ ምንም አይጠቅማትም። ነገር ግን ሁለቱን ለየብቻ ጻፉ። «ከዚህ ድልድይ እስከዚያ ፏፏቴ ድረስ» የሚል ዐረፍተ ነገር «በኢትዮጵያ» ከሚለው ይልቅ ክብደት አለው፤ ሊመረመር ይችላልና።

ሐዋሳን በሚመለከትም «ድሮ ሐይቁ ዳር ሞልቶ ነበር» የሚል ወሬ በሪፖርት ውስጥ አይቻለሁ። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ግራር በሚስማማው ሞቃት መሬት የተቆረቆረች ናት። እንሶስላ ደግሞ የቀዝቃዛና የእርጥብ ጥላ ልጅ ነው። የሚፈለገው ወደ ምሥራቅ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው። ያልኖረበትን ቦታ «የጠፋበት» ብሎ መመዝገብ ኪሳራውን በሐሰት ያበዛዋል፤ ከዚያ ወዲያ እውነተኛውንም የሚያምን አይገኝም።

ገበያ ሞልቷልና ደኑም ሞልቷል

ይህ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያለ ገደል ነው። ለዚህ ከቡና የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሲዳማ ውስጥ ቡና የሌለበት ጓሮ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሐዋሳ ላይ በየመንገዱ ዳር ጀበናው ይንተከተካል። በዱር በቀሉ የአረቢካ ቡና ግን በቀይ መዝገቡ «አደጋ ላይ ያለ» ነው። ሁለቱ አይጋጩም። ቀይ መዝገቡ የሚመለከተው በተፈጥሮ ቤቱ ያለውን እንጂ የተተከለውን አይደለም።

እንሶስላም ላይ ገበያው ሊያታልል ይችላል። በገበያ የሚታየው ሥር ብዛት በደን ውስጥ የቀረውን አይናገርም፤ የወጣውን ነው የሚናገረው። ከዚህ ይልቅ ሻጮቹን ሌላ ነገር ጠይቋቸው፦ ሥሩን ለማምጣት ስንት ሰዓት ይሄዳሉ? ድሮስ? ሥሩ ቀጥኗል ወይስ እንደ ድሮው ነው? መንገዱ ከረዘመና ሥሩ ከቀጠነ፣ ዋጋው ባይጨምርም እንኳ ወሬው ደርሷችኋል። ይህን ያስተማሩኝ ሻጮቹ ናቸው እንጂ መጽሐፍ አይደለም።

«በሚሊኒየሙ» ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

አንድ አዛውንት «በሚሊኒየሙ ገና ሞልቶ ነበር» አሉ። ተማሪው በሰንጠረዡ ላይ 2000 ብሎ ጻፈ። ሰንጠረዡ ደግሞ የተዘጋጀው በአውሮፓውያን ዘመን ነበር። አዛውንቱ ያከበሩት ሚሊኒየም በአውሮፓውያን 2007 መስከረም ላይ የገባው ነው። በአንዲት ቁጥር ሰባት ዓመት ገደል ገባ።

ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አይዩሲኤን የቁጥር መቀነስን የሚለካው በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ የሚረዝመውን ይወስዳል። የቀነሰበት ምክንያት ባልቆመበት ሁኔታ 30 በመቶ ከቀነሰ ለአደጋ የተጋለጠ፣ 50 በመቶ ከሆነ አደጋ ላይ ያለ፣ 80 ከደረሰ በእጅጉ አደጋ ላይ ያለ ይባላል። በ10 ዓመት መስኮት ውስጥ ሰባት ዓመት ሲሳሳት መስኮቱ ራሱ የለም ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አዛውንቱ ያሉትን ቃል በቃል ጻፉ፤ «በ77 ድርቅ»፣ «ደርግ ሲወድቅ»፣ «የመጀመሪያ ልጄ በተዳረች ዓመት»። ወደ ዓመት የምትለውጡት ኋላ ላይ፣ በሁለተኛ ዓምድ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ነው።

የደን መቶኛን ለአበባ መዋስ

የሪፖርቶቹ መግቢያ ሁሌም አንድ ነው፦ «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ የነበረው የአገራችን ደን ዛሬ 3 በመቶ ደርሷል።» ይህን ቁጥር ከትምህርት ቤት ጀምሮ በቃሌ ይዤው አድጌያለሁ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 መሠረቱን ሲፈትሸው ከኋላው የረባ ማስረጃ አላገኘም፤ አንዱ ከሌላው እየቀዳ የመጣ ነው። በቅርቡ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 15.5 በመቶ ከፍ ብሎ አያችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የደን ትርጉም ስለተለወጠ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ጥላ ያለው ሁሉ ደን ተባለ። የቆላው ጫካና ቀርከሃውም ገቡበት። ከዚህ ጭማሪ ውስጥ እንሶስላ ያገኘችው አንድ ጥላ እንኳ የለም።

ባሕር ዛፍ በተተከለበት ዳገትም «ደኑ አገግሟል» ይባላል። ሄዳችሁ ከሥሩ እዩ። ደረቅ ቅጠል ነው የምታገኙት።

ዘጠኝ ፎቶ፣ አንድ ነጥብ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ዘጠኝ ተማሪ አንዲት ጅረት ዳር ዘጠኝ ፎቶ ካነሣ «በዘጠኝ ቦታ ተገኝቷል» አይባልም። ዝርያው የያዘው ስፋት የሚለካው ካርታው ላይ በሚዘረጋ የ2 በ2 ኪሎ ሜትር መረብ ነው፤ ዘጠኙም እዚያው አንድ ዓይን ውስጥ ናቸው። እንዲሁም ከአንድ ሥር አምስት ግንድ ሊወጣ ስለሚችል የቆጠራችሁት ግንድ መሆኑን ጻፉ፤ «ተክል» አትበሉት።

ቦታውን በትክክል ለሕዝብ መዘርዘር ተገቢ ነው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ የሚሸጥ ሥር ላለው ተክል ባትዘረዝሩት ይሻላል እላለሁ። ነጋዴው ካርታ አያስፈልገውም፣ መንገዱን ከእናንተ በፊት ያውቀዋል፤ ለእንግዳ ቆፋሪ ግን ለምን ትመሩታላችሁ?

«ለማዳን» መንቀል

ደግ ልብ ያለው ስህተት ይህ ነው። ደኑ እየሳሳ ነውና ሥሩን ነቅሎ ሐዋሳ ግቢ ውስጥ መትከል። ጠራራው ፀሐይ ሲያገኘው በሦስተኛው ቀን አንገቱን ይደፋል፤ ደኑም አንድ ሥር ጎደለው። ቢጸድቅ እንኳ በግቢ ያለው ተክል የዱሩን ቁጥር አያሻሽልም፤ የቡናውን ነገር አስታውሱ። ለምርምር ከሆነ ደግሞ የፈቃድ ጉዳይ አለ፤ የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለዚህ ነው፤ የሚጠየቀውም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

መትከል ለፈለገ ዘሩ አለ። አበባው ከረገፈ በኋላ የሚቀረው አረንጓዴ ፍሬ ሲወፍር ቀስ ብላችሁ መዳፋችሁን ከሥሩ አድርጉና በሁለት ጣት ንኩት። እንደ ተጠመጠመ ሽቦ ተፈናጥሮ ይፈነዳል፤ ቅርፊቱ ተጠቅልሎ መዳፋችሁ ላይ ይቀራል፣ ዘሩ ደግሞ ሣር ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ቀን ከአምስት ፍሬ የያዝኩት ዘር ከጣቶቼ ያነሰ ነበር። አሁን ነጠላ ዘርግቼ ነው የምነካው።

ከሐዋሳ ወደ ደጋው ወጣ ብለው የሚኖሩ አክስቴ ግን ዘርም አይሹም። ለልጃቸው ሠርግ ሥር ሲቆፍሩ ቡቃያ የሚወጣበትን አናቱን ቆርጠው እዚያው ጉድጓድ መልሰው አፈር ያለብሱታል፤ አንዱን ደግሞ ከእንሰታቸው ጥላ ሥር ቀበሩት። «ለምን መልሰው ይቀብሩታል?» ስላቸው እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ታናሿ ገና አላገባችም እኮ» አሉኝ።